ካፓሲተርና ሁለቱ ቁጥሮቹ

የላፕቶፕ ማዘርቦርድ ሲከፈት ከሁሉም በላይ በዝቶ የሚታየው ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ቡናማ ካፓሲተር ነው። በአንድ ቦርድ ላይ በመቶዎች ይደረደራል፤ ሰውነቱ ላይ ግን ፊደልም ሆነ ቁጥር የለበትም። መጠኑ ስንት እንደሆነ፣ ስንት ቮልት እንደሚችል፣ ከጎኑ ካለው ሌላ ቡናማ ካፓሲተር በምን እንደሚለይ በዓይን አይታወቅም። አንዱ ተበላሽቶ መስመሩን ሾርት ቢያደርገው፣ በምን መተካት እንዳለበት ለጥገና ባለሙያው በእርግጠኝነት የሚነግረው ስኬማቲኩ ነው፤ የመሣሪያው የሰርኪዩት ንድፍ ያለበት ወረቀት ወይም ፋይል።

ስኬማቲኩ ላይ ካፓሲተሩ ፊት ለፊት በቆሙ ሁለት አጫጭር መስመሮች ይወከላል። አጠገቡ «ሲ 214» የሚል መለያ ይኖራል። «ሲ» የተባለችው የላቲን ፊደል ካፓሲተር መሆኑን፣ 214 ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለውን ተራ ቁጥሩን ይናገራሉ። ከዚያ በታች «0.1ዩ/16ቪ» የሚመስል ጽሑፍ ይገኛል፤ 0.1 ማይክሮ ፋራድ፣ 16 ቮልት ማለት ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ እንጂ ሕጋቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ካፓሲተሩ የሚሠራውን ሥራ ይወስናል፤ ሲተካ እንዳለ መጠበቅ አለበት። ሁለተኛው ግን የአቅም ጣሪያ ነው። ከእሱ ከፍ ያለ መግጠም ይቻላል፤ ዝቅ ያለ መግጠም ግን አይገባም። ብዙ ሊድን የሚችል መሣሪያ ጥገና ቤት ገብቶ የሚበላሸው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የቤት ጣሪያ ላይ የሚወጣውን የውኃ ሮቶ ማሰብ ይጠቅማል። ሮቶው ውኃ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲቋረጥ ያጠራቀመውን ይሰጣል። ካፓሲተርም የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያጠራቅማል፣ ቮልቴጁ ዝቅ ሲል ጉድለቱን ይሞላል። የሮቶው ስፋት ካፓሲታንሱ ነው፤ ግድግዳው የሚችለው ግፊት ደግሞ የቮልቴጅ ጣሪያው ነው። ሰፊው ስስ፣ ጠባቡ ወፍራም ሊሆን ስለሚችል አንዱን ቁጥር አይቶ ሌላውን መገመት አይቻልም።

ከፒኮ እስከ ማይክሮ

የካፓሲታንስ መለኪያ ፋራድ ነው፤ ስያሜውም የተወሰደው ከእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ከማይክል ፋራዳይ (1791–1867 እ.ኤ.አ.) ነው። አንድ ፋራድ ለተለመደው የኤሌክትሮኒክስ ሥራ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ስኬማቲክ ላይ የሚታየው ስባሪው ነው። ማይክሮ ፋራድ የፋራድ ሚሊዮንኛ ነው። ናኖ ፋራድ የማይክሮ ሺህኛ፣ ፒኮ ፋራድ ደግሞ የናኖ ሺህኛ ነው። ስለዚህ 0.1 ማይክሮ፣ 100 ናኖ እና 100,000 ፒኮ ፋራድ አንድ መጠን ናቸው፤ የተለያዩት በአጻጻፍ ብቻ ነው።

የትኛው አጻጻፍ እንደሚመረጥ እንደ አገሩና እንደ ዘመኑ ይለያያል። አሜሪካውያን ለረጅም ጊዜ ናኖን ዘልለው ከማይክሮ በቀጥታ ወደ ፒኮ ይወርዱ ነበር። በቆየ የአሜሪካ ሬዲዮ ስኬማቲክ ላይ «.05» ብቻ ከተጻፈ 0.05 ማይክሮ ፋራድ ነው፤ «250» ብቻ ከተጻፈ ደግሞ 250 ፒኮ ፋራድ ነው። በነዚያው ወረቀቶች ላይ «ኤም ኤፍ ዲ» የሚለው ምህጻር ማይክሮ ፋራድን፣ «ኤም ኤም ኤፍ» የሚለው ደግሞ የማይክሮን ማይክሮ፣ ማለትም ፒኮ ፋራድን ያመለክታል። «ኤም» የሚለውን ፊደል ሚሊ ብሎ የሚያነብ ሰው አንድ ሺህ እጥፍ ይሳሳታል።

በሶቪየት ኅብረት ንድፎች ላይ ልዩነቱ የሚመጣው ከአንዲት ነጠላ ሰረዝ ነው። እዚያ የአሥርዮሽ ምልክቱ ነጥብ ሳይሆን ሰረዝ ነው። ያለ አሃድ የተጻፈ ሙሉ ቁጥር ፒኮ ፋራድ ሲሆን ሰረዝ ያለበት ቁጥር ማይክሮ ፋራድ ነው። በመሆኑም «10» ማለት 10 ፒኮ፣ «10,0» ማለት ደግሞ 10 ማይክሮ ፋራድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሚሊዮን እጥፍ ነው።

ነጥብ ወይም ሰረዝ በፎቶ ኮፒ ሊጠፋ ይችላል፤ የቆሸሸ ወረቀት ላይ ደግሞ የሌለ ነጥብ ሊታይ ይችላል። 4.7 ነጥቡን ሲያጣ 47 ይሆናል። ይህን ለመከላከል የአሃዱን ፊደል በነጥቡ ቦታ የማስገባት ዘዴ ተለመደ። «4ኤን7» ሲባል 4.7 ናኖ ፋራድ፣ «2ፒ2» ሲባል 2.2 ፒኮ ፋራድ ነው። በተለይ የአውሮፓ ስኬማቲኮች በዚህ አጻጻፍ የተሞሉ ናቸው።

ዕቃው ላይ የሚታተመው ኮድ ደግሞ ሌላ ነው። በትንንሽ የሴራሚክና የፊልም ካፓሲተሮች ላይ ሦስት አኃዞች ይጻፋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንዳሉ ይወሰዳሉ፤ ሦስተኛው የሚጨመሩትን ዜሮዎች ቁጥር ይናገራል፤ ውጤቱ በፒኮ ፋራድ ነው። «104» ማለት 10 ላይ አራት ዜሮ፣ 100,000 ፒኮ ፋራድ ይሆናል። ስኬማቲኩ «100ኤን» ሲል ባለሙያው ከዕቃ ሳጥኑ የሚፈልገው «104» የሚለውን ነው። ከኮዱ ኋላ የሚመጣው ፊደል የሚፈቀደውን ልዩነት ይገልጻል፦ «ጄ» 5 በመቶ፣ «ኬ» 10 በመቶ፣ «ኤም» 20 በመቶ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም። ከኮዱ በፊት የሚቀመጡ ምልክቶችም አሉ፤ «2ኤ» 100 ቮልት፣ «2ጂ» 400 ቮልት፣ «2ጄ» 630 ቮልት ናቸው። እንግዲህ «2ጂ104ጄ» የሚለው ጽሑፍ ሲፈታ 400 ቮልት፣ 0.1 ማይክሮ ፋራድ፣ 5 በመቶ ይሆናል።

47/25፦ የቱ የቱ ነው?

ብዙ ስኬማቲኮች አሃዱን ጨርሰው ይተዉና «47/25» ወይም «100/16» ብለው ብቻ ይጽፋሉ። እንደ ልማዱ ካፓሲታንሱ ይቀድማል፣ ቮልቱ ይከተላል። የተጠራጠረ ሰው ግን የሚያረጋግጥበት መንገድ አለው፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሚመረጡት ከተለያዩ ሰንሰለቶች ነውና።

የካፓሲታንስ ቁጥሮች በአብዛኛው 10፣ 15፣ 22፣ 33፣ 47፣ 68 እና የእነዚህ አሥር እጥፎች ናቸው። ምክንያቱ በሚፈቀደው ልዩነት ውስጥ ነው። 20 በመቶ ልዩነት ያለው ባለ 10 ካፓሲተር እስከ 12 ሊደርስ ይችላል፤ ባለ 15 የተባለውም እስከ 12 ሊወርድ ይችላል። ሁለቱ ድንበር ላይ ስለሚገናኙ በመካከላቸው ሌላ መጠን ማምረት አያስፈልግም።

የቮልት ቁጥሮቹ ደግሞ 6.3፣ 10፣ 16፣ 25፣ 40፣ 63፣ 100፣ 160፣ 250፣ 400፣ 630 እያሉ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ ከቀደመው 1.6 እጥፍ ገደማ ነው። ይህ አረማመድ ሻርል ሬናር ከተባለ የፈረንሳይ ጦር መሐንዲስ የመጣ ነው። ሬናር በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጦሩ ባሉኖች የሚታሰሩባቸው ገመዶች ዓይነት ከልክ በላይ በዝቶ ሲያይ መጠኖቹን በእኩል እጥፍ በሚራመዱ ጥቂት ቁጥሮች ተካቸው። በገበያው ላይ እንደ 35፣ 50 እና 450 ያሉ ተጨማሪዎችም አሉ። 25 እና 16 በካፓሲታንሱ ሰንሰለት ውስጥ ስለማይገኙ «47/25» 47 ማይክሮ ፋራድ በ25 ቮልት፣ «100/16» ደግሞ 100 ማይክሮ ፋራድ በ16 ቮልት እንጂ ሌላ ሊሆኑ አይችሉም።

የወረቀቱ ጥግ

ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው መረጃ አንዳንዴ ከካፓሲተሩ አጠገብ ሳይሆን በገጹ ጥግ በደቃቅ ጽሑፍ ይቀመጣል። የጃፓኑ ሶኒ የጥገና ማኑዋሎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ሁሉም ካፓሲተሮች በማይክሮ ፋራድ እንደተጻፉ፣ ከኤሌክትሮላይቲክና ከታንታለም በስተቀር 50 ቮልትና ከዚያ በታች የሆኑት ቮልታቸው እንዳልተጻፈ በማስታወሻ ያስቀምጣሉ። ማስታወሻውን ያነበበ ሰው ባዶ ቦታውንም ያነባል። ቮልቱ ያልተጻፈ ሴራሚክ ካፓሲተር ሲያይ ንድፍ አውጪው ረሳው ወይም ምንም ቢገጠም ግድ የለም አይልም፤ ባለ 50 ቮልት ቢተካበት ከጣሪያው እንደማያንስ ያውቃል።

የላፕቶፕ ስኬማቲኮች በበኩላቸው ብዙ ነገር በአንድ መስመር ያጭቃሉ። ለምሳሌ «0.1ዩ/10ቪ_4» በሚለው ውስጥ የመጨረሻዋ 4 የዕቃውን ስፋት ታመለክታለች፤ ከላይ የተገለጸው 1 ሚሊ ሜትር በግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነው፣ በገበያ «0402» የሚባለው ነው። ከፊቱ የኮከብ ምልክት ያለበት ካፓሲተር ደግሞ በብዙ ንድፎች ላይ ቦታው ተዘጋጅቶለት ያልተገጠመ ነው። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ቦርዱ ላይ ባዶ ቦታ አይቶ ዕቃ የወደቀ ሊመስለው ይችላል።

220 ቮልት፣ 311 ቮልት

በኢትዮጵያ ከሶኬት የሚወጣው 220 ቮልት ነው። የቴሌቪዥን ወይም የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ስኬማቲክ ላይ ግን ከዳዮዶቹ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 400 ወይም 450 ቮልት ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ለምን?

220 የሚባለው ቁጥር የተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ ውጤታማ መጠን ነው። ሞገዱ ጫፉ ላይ ሲደርስ 1.414 እጥፍ፣ ማለትም 311 ቮልት ይሆናል። ዳዮዶቹ ወደ ቀጥተኛ ከለወጡት በኋላ ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከዚህ ጫፍ ድረስ ነው። መስመሩ 10 በመቶ ጨምሮ 242 ቮልት ቢሆን ጫፉ 342 ይደርሳል። ስለዚህ 250 ቮልት ገና ከመነሻው አይበቃም፤ 400 ግን ልዩነቱን ችሎ ትርፍ ይኖረዋል። የሦስት ፌዝ መስመር ኒውትራሉ ሲበጠስ ደግሞ የቤቱ ቮልቴጅ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። የዚያ ጫፍ 537 ቮልት ነው፤ 450 የተጻፈበትም አይችለውም። በእንዲህ ዓይነት አደጋ አንድ ሰፈር ሙሉ ቴሌቪዥን ሊቃጠል የሚችለው ለዚህ ነው።

በአሜሪካ ሶኬቱ 120 ቮልት፣ ጫፉም 170 ቮልት ገደማ ነው። ለዚያ ገበያ ብቻ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ባለ 200 ቮልት ካፓሲተር ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ በዘመድ ሻንጣ አዲስ አበባ ደርሶ ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ 200 በሚችለው ላይ 311 ቮልት ያርፋል። በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይግላል፣ ጋዝ ይፈጠራል። ከዚያም አናቱ ላይ በመስቀል ወይም «ኬ» በተባለችው ፊደል ቅርጽ የተጫረው መስመር ይከፈትና ጭስና የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል። ጭረቱ ሆን ተብሎ የተሠራ መተንፈሻ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ቆርቆሮው እንዳለ ይፈነዳ ነበር። ዕቃው ላይ «100–240 ቮልት» ተብሎ ከተጻፈ ግን ውስጡ ያለው ካፓሲተር ለሁለቱም ዓለም የታሰበ ነው።

በቆዩ የዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮች ላይ 115 እና 230 የሚል ማብሪያ የነበራቸው ፓወር ሰፕላዮች አሉ። የእነሱ ስኬማቲክ ሁለት ባለ 200 ቮልት ካፓሲተሮች ተከታትለው ያሳያል። የኅትመት ስህተት አይደለም። ማብሪያው 230 ላይ ሲሆን 311 ቮልቱን ለሁለት ተካፍለው እያንዳንዳቸው 155 ገደማ ይይዛሉ። ማብሪያው በስህተት 115 ላይ ተትቶ 220 ሲሰካበት ግን ሰርኪዩቱ ቮልቴጁን እጥፍ ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ ካፓሲተር 311 ቮልት ለብቻው ይቀበላል።

ኤሲ፣ ዲሲና አቅጣጫ

«ቪ» ከሚለው ፊደል ኋላ ኤሲ ወይም ዲሲ መባሉም ይነበባል። ከሶኬቱ ሁለት መስመሮች መካከል የሚገጠመው ካፓሲተር «275 ቪ ኤሲ፣ ኤክስ 2» ይባላል። ከመስመሩ ወደ መሬት የሚሄደው ደግሞ «ዋይ» የሚል ደረጃ አለው። በዚህ ቦታ ላይ 400 ከ275 ይበልጣል ብሎ ተራ ባለ 400 ቮልት ዲሲ ፊልም ካፓሲተር መተካት አደገኛ ነው። «ኤክስ» የተባለው ከመስመሩ የሚመጣ ድንገተኛ ከፍታ ሲመታው እሳት እንዳያስነሳ ተፈትኖ የጸደቀ ነው። «ዋይ» የተባለው ደግሞ ሲበላሽ ሾርት ሆኖ የመሣሪያውን አካል ኤሌክትሪክ እንዳያሲዝ ታስቦ የተሠራ ነው። የጣሪያ ማራገቢያ፣ የልብስ ማጠቢያና የውኃ ፓምፕ ካፓሲተሮችም በኤሲ የሚሠሩ ናቸው፤ 2.5 ማይክሮ ፋራድ 450 ቪ ኤሲ በማራገቢያ ላይ የተለመደ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ላይ መጠኑን ከፍ ማድረግ ጉልበት መጨመር አይደለም፤ ሞተሩ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንት ይለውጣል፣ ሽቦውን ያግላል።

ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር አቅጣጫ አለው። ስኬማቲኩ ላይ በ«+» ምልክት ይለያል፤ ብዙ ጊዜ አንደኛው መስመር ጎባጣ ወይም ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይሳላል። ዕቃው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቆርቆሮ በተሸፈነው አሉሚኒየም ላይ ያለው ረጅም መስመር ኔጌቲቩን ሲያመለክት፣ በትንሹ ታንታለም ላይ ያለው መስመር ፖዘቲቩን ያመለክታል። ታንታለም ቮልቴጅ ሲበዛበት ሾርት ሆኖ ሊነድ ስለሚችል ብዙ ንድፍ አውጪዎች ከጣሪያው ግማሽ በላይ አያሠሩትም፤ በ12 ቮልት መስመር ላይ ባለ 25 ቮልት ታንታለም መታየቱ የዚህ ውጤት ነው።

ትንንሾቹ ሴራሚኮች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። 10 ማይክሮ ፋራድ 6.3 ቮልት የተባለ ጥቃቅን ሴራሚክ በ5 ቮልት ላይ ሲሠራ ከመጠኑ ከግማሽ በላይ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በ5 ቮልት መስመር ላይ 16 ወይም 25 ቮልት ተጽፎ ሲገኝ ንድፍ አውጪው የጠበቀው ካፓሲታንሱን ጭምር ሊሆን ይችላል።

መሣሪያው ከመነካቱ በፊት

ፓወር ሰፕላይ ላይ የሚሠራ ሰው «220/400» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ማስጠንቀቂያም ሊያነበው ይገባል። 220 ማይክሮ ፋራድ በ311 ቮልት ሲሞላ ከ10 ጁል በላይ ኃይል ይይዛል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ሾርት ማድረግ ብልጭታ ያስነሳል፣ ቦርዱንም ካፓሲተሩንም ይጎዳል። ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ጫፎቹን በማያስተላልፍ ነገር ሸፍኖ ለ11 ሰከንድ ያህል ማገናኘት ቮልቴጁን ወደ 2 ቮልት ገደማ ያወርደዋል። ከዚያም በመልቲሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ይቀድማል፤ እጅ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የመተካት ውሳኔ ነው። ስኬማቲኩ በ12 ቮልት መስመር ላይ «1000/25» ይላል እንበል፤ የቦርዱም ካፓሲተር አብጧል። ዕቃ መሸጫው 1000/16፣ 470/25 እና 1000/35 አለው። 1000/16 መስመሩን ለጊዜው ሊይዝ ይችላል፤ ነገር ግን ንድፍ አውጪው የተወውን ትርፍ ስለሚያጠፋው መገጠም የለበትም። ሁለት 470/25 ጎን ለጎን ቢያያዙ 940 ማይክሮ ፋራድ ይሆናሉ። ኤሌክትሮላይቲክ በራሱ 20 በመቶ ልዩነት ስለሚፈቀድለት ይህ ተቀባይነት አለው፤ ጣሪያውም እዚያው 25 ቮልት ላይ ይቆያል። ችግሩ ቦርዱ ላይ የሁለት ቦታ መፈለጉ ነው። 1000/35 መጠኑን ይጠብቃል፣ ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል፤ ሆኖም ወፈር ያለ ስለሚሆን ስፋቱና ቁመቱ አስቀድሞ መለካት አለበት። ከገባና የሙቀት ደረጃው እንደ ነባሩ 105 ዲግሪ ከሆነ ምርጫው እሱ ነው። 85 ዲግሪ ከሆነ ግን ሌላ መደብር መጠየቅ ይሻላል፤ በእነዚህ ካፓሲተሮች ላይ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።